አቤ ጉበኛና አስፈሪው ድርሰት

ሰው በኑሮው የሚሸሸውን ፍርሃት በድርሰት ውስጥ ፈልጎ መሄዱ እንግዳ ነገር ይመስላል። ሆኖም በምድጃ ዳር የጅብና የጭራቅ ተረት እየሰማ ያደገ ሁሉ፣ በፍርሃት ወደ እናቱ እየተጠጋ ተረቱ እንዲደገምለት መለመኑን ያስታውሳል። ይህን የሰው ጠባይ ለብርቱ ቁም ነገር ካዋሉት ደራሲዎቻችን አንዱ አቤ ጉበኛ ነው።

አቤ በ1925 ዓ.ም. በጎጃም፣ በአቸፈር ተወለደ። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ቅኔ ተማረ፤ ኋላም ዘመናዊ ትምህርት ቀስሞ አዲስ አበባ ገባ። በጋዜጠኝነትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥቂት ከሠራ በኋላ ደመወዙን ትቶ በብዕሩ ለማደር ቆረጠ። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ጽፎ እንጀራ መብላት የተለመደ አልነበረም።

በ1955 ዓ.ም. የታተመው «አልወለድም» የተሰኘው ልብ ወለዱ የሚያስፈራው በጭራቅ ወይም በመንፈስ አይደለም። በማኅፀን ያለ ፅንስ አንደበት አውጥቶ፣ ግፍና ችጋር ወደ ሰፈነበት ዓለም አልወጣም ብሎ ይሟገታል። ልደት በእልልታ በሚታወጅበት አገር ይህ አሳብ አጥንት ድረስ ዘልቆ የሚሰማ ነበር። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ባሳተመችው «ፍራንከንስታይን» ሳይጠየቅ የተፈጠረው ፍጡር ሠሪውን ይከሳል፤ የአቤ ፅንስ ግን ክሱን የሚያሰማው ገና ሳይወለድ ነው።

አንባቢ አስፈሪ መጽሐፍ የሚወድበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል። በአደባባይ ሊናገረው የማይደፍረው ሥጋት በመጽሐፉ ውስጥ መልክና ድምፅ ያገኛል፤ ሲከብደውም መጽሐፉን ይከድናል። ደራሲው ግን የጻፈውን ሊከድነው አይችልም። «አልወለድም» ታገደ፤ አቤም በኢሉባቦር፣ በጎሬ የግዞት ኑሮ ቀመሰ።

ይህ ሁሉ ከብዕሩ አላራቀውም። በአሜሪካ በአዮዋ ዓለም አቀፍ የደራሲያን መርሐ ግብር ተካፈለ። እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝኛ ያሳተመው «ዲፋያንስ» ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የወረደውን እውነተኛ ሽብር ይተርካል። በዚህ ጊዜ የፍርሃቱ ምንጭ ምናብ ሳይሆን ብዙ አንባቢዎቹ በዓይናቸው ያዩት ታሪክ ነበር።

አቤ ጉበኛ በ1972 ዓ.ም. ዐረፈ። «አልወለድም»ን የሚከፍት ሰው ዛሬም ከዚያ ፅንስ ሙግት ጋር ይፋጠጣል፤ የሚወለድበትን ዓለም የተሻለ የማድረጉ ዕዳም ቀድመው በተወለዱት ላይ መሆኑን ይረዳል።