ኤድዋርድ ሩፔልና የደጋው ዝይ

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በኢትዮጵያ ደጋዎች፣ ውሃ በሚያቁሩ መስኮችና በምንጮች ዳር፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሣር የሚግጥ አንድ የዝይ ዓይነት አለ። ላባው ግራጫ መሳይ ቡናማ ስለ ሆነ ቆሞ ሲታይ እምብዛም ዐይን አይስብም። ለመብረር ክንፉን ሲዘረጋ ግን ሰማያዊው የክንፉ ትከሻ ብልጭ ይላል። ላባው ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ የደጋውን ውርጭ ይቋቋማል፤ ሲያርፍም አንገቱን ወደ ኋላ መልሶ በጀርባው ላይ ያስተኛል። ይህን ወፍ የደጋው እረኛ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። መልኩን ገልጾና ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ ያሰፈረው ግን ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተጓዥና አዳኝ ነው።

ሩፔል ኅዳር 20 ቀን 1794 በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ የባንክ ባለቤት ስለ ነበር ልጁም የንግድ ሥራ እንዲወርስ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና በረሃ ያደረገው ጉዞ ሐሳቡን አስለወጠው። በዚያ ያያቸው እንስሳትና ዕፀዋት ልቡን ስለ ማረኩት ወደ ኢጣልያ ተመልሶ በፓቪያና በጄኖቫ የዕፀዋትና የእንስሳት ትምህርት ተከታተለ። ከዚያ በኋላ ከ1821 እስከ 1827 በሲና፣ በኑቢያና በኮርዶፋን ሲዘዋወር ቆይቶ የሰበሰባቸውን እንስሳት ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሁለተኛው ረጅም ጉዞው ወደ ኢትዮጵያ ነበር። በ1831 ምጽዋ ሲደርስ ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ጦርነት ድል ሆነው ስለ ተገደሉ የሰሜኑ አገር ገና አልተረጋጋም። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት ቢኖርም ሥልጣኑ በመሳፍንቱ እጅ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሽፍታና የጦር ሠራዊት በሚመላለሱበት መንገድ፣ በሣጥን የተሞላ ዕቃ በበቅሎ አስጭኖ መጓዝ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነበር። ሩፔል ግን በትግራይ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ወጣ፤ ከዚያም ጎንደርን አይቶ እስከ ጣና ሐይቅ ዘለቀ። በ1834 ወደ አውሮፓ ተመለሰ።

በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው ፎቶግራፍ አንሥቶ ወይም በአጉሊ መነጽር ከሩቅ ተመልክቶ አንድን ወፍ መለየት አይቻልም ነበር። የእንስሳት ተመራማሪ ለመሆን አስቀድሞ አዳኝ መሆን ያስፈልግ ነበር። ወፉ በደቃቅ እርሳስ ተመትቶ ይወድቃል፤ ቆዳው ከነላባው ተገፎ፣ ነፍሳት እንዳይበሉት መድኃኒት ተቀብቶ ይደርቃል፤ የተገኘበት ቦታና ጊዜም ይጻፍበታል። ይህ ሥራ ፈጥኖ ካልተከናወነ ሥጋው ይበሰብሳል፤ ላባውም ይረግፋል። ስለዚህ አዳኙ ከተኩሱ ይልቅ የሚደክመው ከተኩሱ በኋላ ነበር።

ስለ አደን የሚጽፉ ሌሎች ሰዎችም በዚያው ዘመን ነበሩ። ለምሳሌ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ፒተር ሆከር በ1814 ያሳተመው መጽሐፍ ወጣት አዳኞች ጠመንጃ እንዴት እንደሚይዙ፣ ዳክዬና ዝይ እንዴት እንደሚያድኑ የሚያስተምር ስለ ነበር በአገሩ አዳኞች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ሆነ። የሆከር መጽሐፍ ወፉ እስኪወድቅ ድረስ ያለውን ጥበብ ያስተምራል። የሩፔል መጻሕፍት ግን የሚጀምሩት ወፉ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ዘመድ እንደሚመደብና የት እንደሚኖር ይመረምራሉ።

ሩፔል ከ1835 ጀምሮ በኢትዮጵያ ያገኛቸውን አዳዲስ እንስሳት የሚገልጽ መጽሐፍ በተከታታይ አሳተመ። ዋሊያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን፣ እንዲሁም ጉሮሮው ሥር ቆዳ የሚንጠለጠልበትን፣ በእርጥብ መስክ ትል የሚለቅመውን ባለ ረጅም ምንቃር ወፍ ለሳይንስ ያስተዋወቀው በዚህ ሥራ ነው። የጉዞውን ታሪክ ደግሞ በ1838 እና በ1840 በሁለት ቅጽ አወጣ። በ1845 የታተመው ሌላው መጽሐፉ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች የሚዘረዝር ሲሆን ኀምሳ የወፍ ዓይነቶችን በሥዕል ያሳያል። ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ የተገለጸው በዚህ መጽሐፍ ነው፤ ናሙናውም የተገኘው ከሸዋ ነበር።

ሩፔል የሰበሰባቸውን እንስሳት በፍራንክፈርት ለሚገኘው ለዘንከንበርግ ቤተ መዘክር ሰጠ። በ1839 የለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። ከኢትዮጵያ የወሰዳቸው በግዕዝ የተጻፉ የብራና መጻሕፍትም በትውልድ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። በኋለኛው ዕድሜው ከእንስሳት ጥናት ራቅ ብሎ ፊቱን ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞች መለሰ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1884 በዘጠና ዓመቱ ዐረፈ።

የዚህን ሰው ሕይወት ስንመረምር ሁለት ነገሮችን አብረን እንመለከታለን። በአንድ በኩል በራሱ ሀብትና ድካም ያገኘውን ዕውቀት ለራሱ ሳይደብቅ ለሕዝብ አበርክቷል። በሌላ በኩል ግን የእንስሶቻችን የመጀመሪያ ናሙናዎችና የአባቶቻችን ብራናዎች ከአገር ወጥተው በሩቅ ከተማ ቀርተዋል። ዋሊያና ጭላዳ የሚሉት ስሞች ከአገሬው ሰው አፍ ተወስደው ወደ ሳይንስ መጽሐፍ ገቡ፤ የነገሩት እረኞችና መንገድ መሪዎች ስም ግን በዓለም አልታወቀም። ያወቁት ብዙዎች ነበሩ፤ ዝናው የተረፈው ግን ለጻፈው ሰው ነው።

ሩፔል ወደ ወሎ አልዘለቀም። ነገር ግን እርሱ የገለጻቸው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም በቦረናና በሳይንት ደጋ ይኖራሉ፤ ከወግዲና ከመካነ ሰላም የሚነሣ ተማሪም ሩቅ ሳይሄድ ሊደርስባቸው ይችላል። በአገራችን ደጋ የውሃ ወፎችን አድኖ መብላት እምብዛም የተለመደ ባለመሆኑ ዝዩ ከጠመንጃ ተርፏል። ዛሬ የሚያሠጋው የመኖሪያው መጥፋት ነው። ረግረጉ ሲደርቅና ሲታረስ፣ መስኩም ከልክ በላይ ሲጋጥ፣ የሚመገብበትና እንቁላሉን የሚጥልበት ቦታ ያጣል። በአንድ ወቅት ወፉን ለማወቅ መግደል ግድ ነበር፤ ዛሬ ግን ለማወቅ የሚያስፈልገው ዝም ብሎ መመልከትና ያዩትን በትክክል መጻፍ ነው። ይህን ለማድረግ እርሳስና ደብተር ይበቃል።

የመረዳት ጥያቄዎች

1. ሩፔል ከንግድ ሥራ ወደ እንስሳት ጥናት እንዲዞር ያደረገው ምንድን ነው?
2. በሆከርና በሩፔል መጻሕፍት መካከል ያለውን ልዩነት በራስህ (በራስሽ) አነጋገር ግለጽ (ግለጪ)።
3. ሩፔል ኢትዮጵያን የጎበኘበት ዘመን ለጉዞ አደገኛ የነበረው ለምንድን ነው?
4. በቀድሞ ዘመንና በዛሬ ጊዜ ለዝዩ ሕልውና የሚያሠጉትን ነገሮች አነጻጽሩ።

የድርሰት ልምምድ

በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ወፍ ለሦስት ቀናት ተመልከቱ። መልኩን፣ ምግቡንና ጠባዩን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም፣ ስሙን የነገራችሁንም ሰው መጥቀስ አትርሱ።