ፓውል ኤርሊኽና የሕዋስ እጆች

የፓውል ኤርሊኽን ስም በክፍል ውስጥ የሰማሁት በአንድ መስመር ብቻ ነበረ፤ ይኸውም የቂጥኝን መድኃኒት ያገኘ ጀርመናዊ ሐኪም መሆኑን ነው። ከዚያ አልፌ ለማወቅ አላሰብኩም ነበረ። ነገር ግን ባለፈው ዓመት አክስቴን የጡት ነቀርሳ ይዟት ከአማኑኤል ወደ ደብረ ማርቆስ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና ሄደች። ከጡቷ የተወሰደው ሥጋ ሲመረመር በሕዋሶቹ ላይ አንድ ዐይነት ተቀባይ በዝቶ መገኘቱ ተነገራት፤ ለዚሁ የሚሆን መድኃኒትም ታዘዘላት። በቤታችን ሳይንስ ተማሪ ነው የምባለው እኔ ስለሆንኩ ተቀባይ ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። መልሱን ስፈልግ እንደ ገና ኤርሊኽ ዘንድ ደረስኩ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፓውል ኤርሊኽ ማርች 14 ቀን 1854 በሽሌዢያ አውራጃ ሽትሬለን በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ። ከተማዋ ያን ጊዜ የፕሩሲያ ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ናት። ከእርሱ በዘጠኝ ዓመት የሚበልጥ ካርል ቫይገርት የሚባል ዘመድ ነበረው። ይህ ሰው ሐኪም ሲሆን፤ በዚያን ዘመን ከድንጋይ ከሰል ዝፍት መሠራት በጀመሩት አዳዲስ ቀለሞች ባክቴሪያን እያቀለመ በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበረ። ወጣቱ ኤርሊኽም የቀለምን ፍቅር ከእርሱ ወረሰ። ሕክምና ሲማር ጠረጴዛው በየዐይነቱ ቀለም የተዥጎረጎረ ነበረ።

ለመሶብ አለላ የሚነክሩ እናቶቻችን ይህን ነገር ያውቁታል፤ አንዱ ቀለም አክርማውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው ውሃ ሲነካው ይለቃል። ኤርሊኽም አንድ ቀለም ይህን ሕዋስ ይዞ ያንን የሚተወው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። በ1878 በላይፕሲግ የዶክቶርነት ማዕርግ ያገኘበት ጽሑፍ ስለዚሁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህች አንዲት ጥያቄ የበቀለ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ በበርሊን ሻሪቴ በተባለው ሆስፒታል ሲሠራ የደም ሕዋሶችን በቀለም እየለየ በየወገናቸው መደባቸው። በ1882 ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ባስታወቀ ጊዜ፤ ባክቴሪያውን አጉልቶ የሚያሳይ የተሻለ የማቅለም ዘዴ ወዲያው ያወጣ ኤርሊኽ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ይኸንኑ ባክቴሪያ በገዛ አክታው ውስጥ አየው። ለመዳን ከሚስቱ ጋራ ወደ ግብፅ ወርዶ በ1889 ተመለሰ። በቋንቋችን የሳንባውም በሽታ፤ አክስቴን የያዛትም በሽታ ሁለቱም ነቀርሳ ይባላሉ፤ ነገር ግን ከስም በቀር የሚያገናኛቸው የለም። አንደኛው በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው የገዛ ሕዋሳችን ከልክ አልፎ ሲራባ ነው። ኤርሊኽ አንዱን ታመመ፤ ሌላውን መረመረ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። የሕፃናትን ጉሮሮ በሚዘጋው በዲፍቴሪያ መድኃኒት ላይ ሲሠራ፤ መርዝ የተወጋ እንስሳ ደም መርዙን የሚያከሽፍ ነገር ከየት እንደሚያመጣ ያስብ ነበረ። በ1897 ያወጣው ሐሳብ እንዲህ ነው። ሕዋስ በገጹ ላይ እንደ እጅ የተዘረጉ ነገሮች አሉት፤ በእነርሱም ምግቡን ይይዛል። እርሱ የጎን ሰንሰለት አላቸው፤ በ1900 ደግሞ ተቀባይ የሚለው ስም ወጣላቸው። መርዙ ለአንዱ እጅ እንደ ቁልፍና እንደ ጓጉንቸር የገጠመ እንደሆነ ያ እጅ ይያዝና ምግብ መቀበል ያቅተዋል። ሕዋሱ በዚህ ጊዜ ተጨንቆ በጠፋው ምትክ ሌላ ያበቅላል፤ አንድ ብቻ ግን አይደለም፤ ከሚያስፈልገው በላይ ያበዛል። ይህ ከጉዳት በኋላ አብዝቶ የመተካት ሐሳብ ቀድሞ የዘመዱ የቫይገርት ነበረ። የበዙትም እጆች ከሕዋሱ ተላቀው በደም ውስጥ እየዞሩ መርዙን ከሩቅ ይይዙታል።

ይህን ሳነብ ከቤታችን ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ትዝ አለኝ። በእኛ አገር አንዱን ግንድ የቆረጠ ሰው በሚመጣው ዓመት ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቀንበጥ እንደሚያገኝ ያውቃል።

ኤርሊኽ በሁሉ ነገር ትክክል አልነበረም። በደም ውስጥ መርዝን የሚይዘውን ፀረ አካል የሚሠራው ማንኛውም ሕዋስ ሳይሆን የነጭ ደም ሕዋስ ወገን መሆኑ ከእርሱ በኋላ ታውቋል። ይሁን እንጂ የሕዋስ ገጽ እንደ ግድግዳ የደረቀ ነገር አለመሆኑን፤ ሕዋሱም በችግር ጊዜ እጆቹን እንደሚያበዛ ማሰቡ ለእኔ ከመድኃኒቱ ይበልጥብኛል።

በ1899 ወደ ፍራንክፈርት ተዛውሮ ጥቂት ቆይቶ ነቀርሳን መመርመር ጀመረ። ሰዎች ስለዚህ ሥራው ብዙ አይናገሩም፤ ምክንያቱም አልሠመረለትም። የአይጥን ዕጢ ወደ ሌላ አይጥ እያዛወረ ያሳድግ ነበረ። ዕጢውን ትልቅ ዝርያ ወዳለው አይጥ ባዛወረው ጊዜ ጥቂት ቀን አድጎ ይከስማል፤ ሳይከስም ወደ ትንሹ አይጥ ቢመልሰው ግን እንደ ገና ያድጋል። ኤርሊኽ ይህን ሲያይ ለዕጢው የሚያስፈልገው ልዩ ምግብ በትልቁ አይጥ ውስጥ ቢያልቅበት ነው አለ፤ የነቀርሳ ሕዋስም ከጤነኛው ይልቅ ምግብን የሚነጥቅ ብርቱ ተቀባይ አለው ብሎ ጻፈ። ዛሬ የምናውቀው ምክንያት ሌላ ነው፤ የትልቁ አይጥ ሰውነት የባዕድ ሥጋ አልቀበልም ማለቱ ነው። በስተመጨረሻም ለነቀርሳ መድኃኒት ሳያገኝ ቀረ።

የቀረው ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ። በ1908 ከሩስያዊው ሜችኒኮፍ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በ1909 ከጃፓናዊው ሐኪም ሳሐቺሮ ሐታ ጋራ 606 የሚል ቁጥር የተሰጠው መድኃኒት ቂጥኝን እንደሚያድን አገኙ፤ በ1910ም ሳልቫርሳን ተብሎ ለገበያ ወጣ። ሲጋራ አብዝቶ ያጨስ ነበረ። አውሮፓ በጦርነት ላይ ሳለች ኦገስት 20 ቀን 1915 በ61 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ በኋላ ለሕዋስ እደግ፤ ተከፈል የሚል ትእዛዝ የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮች መኖራቸው ታወቀ። አሜሪካዊው ስታንሊ ኮኸን ከእነዚህ አንዱን ስላገኘ በ1986 የኖቤልን ሽልማት ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋራ ተካፍሏል። ትእዛዙን የሚቀበሉት እጆች የእድገት ተቀባዮች ይባላሉ። ጤነኛ ሕዋስ በልክ ይይዛቸዋል፤ ሥራቸውን የጨረሱትንም ወደ ውስጥ ስቦ ያፈርሳቸዋል። በአንዳንድ የጡት ነቀርሳ ግን ኸር ቱ የተባለው ተቀባይ ከልክ በላይ ይበዛል። በአክስቴ ላይ የተገኘው ይህ ነው። የታዘዘላት ትራስቱዙማብ በአሜሪካ በ1998 የተፈቀደ ሲሆን፤ ኸር ቱን ፈልጎ የሚይዝ ፀረ አካል ነው። ኤርሊኽ የተመኘው ዒላማውን ብቻ የሚመታ መድኃኒት ይህን ይመስላል።

ዳሩ ግን የነቀርሳ ሕዋስ ሲጨነቅ ዝም ብሎ አይሞትም። ዕጢው አድጎ ደም በደንብ ሳይደርሰው ኦክስጅን ያነሰው እንደሆነ አንዳንዱ ሕዋስ የእድገት ተቀባዩን አብዝቶ ይሠራል። ጨረር ወይም አንዳንድ መድኃኒት ሲመታው ደግሞ ተቀባዩን ከገጹ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ይህም ከሞት የሚያመልጥበት ዘዴ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የደነቀኝ የሚከተለው ነው። የኸር ቱን ሥራ የሚያግዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ሲሰጡት፤ የነቀርሳው ሕዋስ የኸር ቱ ወንድም የሆነውን ኸር ስሪ የተባለ ተቀባይ አብዝቶ ወደ ገጹ ያወጣል። መንገዱ በዝርዝሩ ኤርሊኽ ካሰበው ይለያል፤ ነገር ግን ጉቶው እንደ ገና አቆጠቆጠ። ስለዚህም ኸር ቱ ከሌላው ተቀባይ ጋራ እንዳይጨባበጥ የሚከለክል ፔርቱዙማብ የተባለ መድኃኒት በ2012 በአሜሪካ ተፈቅዶ ከፊተኛው ጋራ ይሰጣል።

ለገና በዓል አክስቴ ከሕክምና መልስ ቤታችን ስትመጣ ይህን ሁሉ በባሕር ዛፉ አስመስዬ ነገርኳት። ቡናዋን እየጠጣች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ መድኃኒቱን ካልጨረሰች ጉቶው ያቆጠቁጥ እንደሆነም ጠየቀችኝ። ሐኪሙ ያዘዘውን ቀን እንዳታሳልፍ ነገርኳት፤ እርስዋም አንድ ቀን እንዳላሳለፈች መለሰችልኝ። ቀጥላም ያ ሰው ራሱ ከነቀርሳው ድኖ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎን፤ ከግብፅ ድኖ ተመልሶ ከ25 ዓመት በላይ ኖረ ብዬ በደስታ ነገርኳት። እርስዋ ግን የእርሱ የሳንባ፤ የእርስዋ የጡት መሆኑን አስታውሳኝ፤ ሁለቱን እንዳላቀላቅል አርማኝ ስኒዋን አስቀመጠች።