የጁኗ ሲት፦ የሌዲ ሄስተር ስታንሆፕ ዘርና ሕይወት



ከራስ ቤሩት ተነስታችሁ እስከ ኮላ በሰርቪስ፣ ከኮላ ደግሞ በሳይዳ ሚኒባስ ብትሄዱ፣ ሳይዳ ልትደርሱ ስትሉ በስተግራ በኩል ኮረብታው ላይ ጁን የምትባል መንደር አለች። እዚያ መንደር አጠገብ ያለውን ጉብታ ያገሬው ሰው ዳህር ኤል ሲት ይለዋል። የሲትየዋ ጉብታ ማለት ነው። ሲት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም፤ ስንቶቻችን ሲት ስንል ነው የምንውለው።

ያቺ ሲት ግን ሊባኖሳዊት አልነበረችም። እንደ እኛው ባሕር ተሻግራ የመጣች የሰው አገር ሰው ነበረች። ስሟ ሌዲ ሄስተር ስታንሆፕ ይባላል፣ እንግሊዛዊት ናት፣ እዚሁ ኖራ እዚሁ ሞታለች። በዚህ እትም ታሪኳን ያነሳነው የትልቅ ሰው ልጅ ስለነበረች ብቻ አይደለም። ያን ሁሉ ዘርና ስም ይዛ በሰው አገር አሟሟቷ እንዴት እንደሆነ ብታነቡት ይጠቅማል ብለን ነው። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዘሯ

እኛ አገር ሰው ዘሩን ሲጠየቅ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል አይደል? እስቲ የሄስተርንም እንቁጠርላት።

በአባቷ በኩል ስታንሆፕ የሚባሉ መኳንንት ናቸው። የቅድመ አያቷ አባት አሌክሳንደር ስታንሆፕ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በማድሪድ፣ ኋላም በዘ ሄግ ያገለገለ ሰው ነው። ልጁ ጄምስ አባቱን ተከትሎ ስፔንን በወጣትነቱ አወቃት፤ ኋላ ጦር እየመራ ተመልሶባት በ1708 ሚኖርካ የተባለችውን ደሴት ያዘ። በ1710 ደግሞ እሱ ራሱ ተማረከ። ተፈትቶ አገሩ ሲገባ ሚኒስትር ሆነ፤ ከፈረንሳይና ከሌሎች መንግሥታት ጋር ውል እየተዋዋለ የአገሩን የውጭ ጉዳይ መራ። በ1718 ኧርል ተባለ። ኧርልነት ከአባት ወደ በኩር ልጅ የሚወርድ ማዕረግ ነው። ከዚሁ ዘር የወጣው ሎርድ ቼስተርፊልድም በዘ ሄግ አምባሳደር ነበር። ባጭሩ፣ አምባሳደርነትና ሚኒስትርነት ለዚህ ቤተሰብ እንደ ርስት ነው።

ጄምስ ያገባት ሴት ሉሲ ፒት ትባላለች። አባቷ ቶማስ ፒት ሕንድ አገር የማድራስ ገዥ ነበር። እዚያ አንድ ትልቅ አልማዝ ገዝቶ በ1717 ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሸጦታል፤ የፒት ቤተሰብ ሀብት ከዚህ ይጀምራል። የልጅ ልጁ ዊልያም ፒት፣ ሎርድ ቻተም የተባለው፣ እንግሊዝን በሰባቱ ዓመት ጦርነት የመራ ሰው ነው። የቻተም ልጅ ደግሞ፣ እሱም ዊልያም ፒት፣ በ1783 ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

የቻተም ሴት ልጅ የጄምስን የልጅ ልጅ ቻርልስ ስታንሆፕን አገባች። ሁለቱ ቤቶች ሁለት ጊዜ ተጋቡ ማለት ነው። የኛዋ ሄስተር የተወለደችው ከዚህ ጋብቻ በመጋቢት 1776 ነው። የተወለደችበት ቤት ቼቭኒንግ ይባላል። የመጨረሻው ኧርል በ1967 ሲሞት ቤቱን ለአገሩ ትቶ ስለሄደ ዛሬ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ያርፉበታል። አገር ቤት ያሉ ምሩቃን የሚሻሙበት ቼቭኒንግ የተባለው የትምህርት ዕድል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቤት ነው።

የኧርል ልጅ ዶሮ ጠባቂ

ሄስተር አራት ዓመቷ ላይ እናቷ ሞተች። አባቷ የተማረ፣ ማሽን የሚፈለስፍ ሰው ነበር፤ ከብረት የሠራው የማተሚያ መኪና በስሙ ይጠራል። ግን አመሉ አስቸጋሪ ነበር። የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ መኳንንትነት ይቅር ብሎ ተነሳ፤ ቤተሰቡንም እንደ ተራ ሰው ኑሩ አለ። ሄስተርንም ሜዳ አውጥቶ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ አስጠበቃት። እዚህ ሱቅ ውስጥ ሀበሽ እያሉ የሚሸጡልንን ማለታችን ነው፤ ሳቁ እንጂ!

ከአባቷ ቤት ወጥታ አያቷ ዘንድ ገባች። አያቷ በ1803 ሲሞቱ አጎቷ ዊልያም ፒት ወሰዳት። ፒት ሚስት አልነበረውም። በ1804 ለሁለተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የቤቱ እመቤት እሷ ሆነች። እንግዳ የምትቀበል፣ ማዕድ የምትመራ፣ ደብዳቤ የምታስተናግድ እሷ ነበረች። ቁመቷ ረጅም፣ አንደበቷ ስል ነበር። ሹመት ፈላጊ ሁሉ በእሷ በኩል ነበር የሚያልፈው።

ይሄ ሁሉ ሦስት ዓመት አልሞላም። ፒት በጥር 1806 ሞተ። 40,000 ፓውንድ ዕዳ ጥሎ ነበር፤ ፓርላማው ከፈለለት። ይህችን ነገር ያዙልን፣ ኋላ እንመለስባታለን። ለሄስተር በዓመት 1,200 ፓውንድ ጡረታ ተቆረጠላት። በጥር 1809 ደግሞ ወንድሟ ቻርልስና ወዳጇ ጄኔራል ሙር ስፔን ውስጥ በአንድ ጦርነት ሞቱባት። በየካቲት 1810 ቻርልስ ሜሪዮን የተባለ ወጣት ሐኪም ይዛ መርከብ ተሳፈረች። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝን አላየችም።

ወደ ሊባኖስ

ማልታን፣ ግሪክን፣ እስታንቡልን አልፋ ወደ ግብፅ ስትሄድ በ1811 መጨረሻ መርከቧ ሮድስ አጠገብ ተሰበረ። ነፍሷ ተረፈች፣ ልብሷ ግን ሁሉም ባሕር ገባ። ያገኘችውን የቱርክ ወንድ ልብስ ለበሰች፤ ወደደችውና በዚያው ቀረች። በ1812 ፊቷን ሳትሸፍን፣ በወንድ ልብስ፣ በፈረስ ደማስቆ ገባች። ሰው ይወግራታል ብለው ፈርተው ነበር፤ እሱ ቀርቶ በአክብሮት አሳለፋት። በመጋቢት 1813 በረሃውን ከበደዊኖች ጋር አቋርጣ ፓልሚራ ደረሰች። ከእሷ በፊት እዚያ የደረሰች አውሮፓዊት አይታወቅም።

ከወረርሽኝ በሽታ ተርፋ በ1814 ሳይዳ አጠገብ በማር ኤልያስ ገዳም ተቀመጠች፤ ኋላ ወደ ጁን ወጣች። ጁን ላይ በግንብ የታጠረ፣ ብዙ ክፍልና ሰፊ አትክልት ያለው ግቢ ሠራች። በዚያን ጊዜ እኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነው። ሊባኖስም ከዚያ ብዙ አትሻልም ነበር፤ ተራራውን አሚር በሺር በብርቱ እጅ ይገዛል፣ ሰው ይሰደዳል። ሄስተር አሚሩን አልፈራችም። በ1827 ናቫሪኖ ላይ የቱርክ መርከቦች ሲቃጠሉ ለነፍሳቸው የፈሩት የሳይዳ አውሮፓውያን ወደ ጁን ሸሹ። በ1832 ኢብራሂም ፓሻ አካን ከብቦ ሲይዝም ስደተኛው እሷ ደጅ ነው የተጠለለው። አብልታለች፣ አልብሳለች፣ አሳክማለች። ይህ ሊካድ አይገባም።

ማዳሟ

አሁን ግን እኛ ብቻ የምናውቀውን ጥያቄ እንጠይቅ፤ ያን ቤት ማን ይጠርግ ነበር? እንግዳ ሁሉ ሲበላ ማን ያበስል ነበር?

ሜሪዮን በ1845 ያሳተመው ማስታወሻ ይነግረናል። ግቢው ውስጥ 30 ያህል አገልጋይ ነበር። ሲትየዋ ሌሊት አትተኛም፤ ደወል እየደወለች ይህን አምጡ ያን ውሰዱ ትላለች። ትጮሃለች፣ ትመታለችም። ከአገልጋዮቹ መካከል በገንዘብ የተገዙ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። የአንዷ ስም ተርፎልናል፤ ዘይዘፉን። ሳል ሲይዛችሁ አበባውን አፍልታችሁ የምትጠጡት የዛፍ ስም ነው። ከየት አገር ተነስታ፣ ከማን ቤት ተወስዳ እዚያ እንደደረሰች ማስታወሻው ቦታ አልሰጠውም። የሲትየዋ ዘር እስከ አምስት ትውልድ ይቆጠራል፣ የዘይዘፉን አባት ስም እንኳ የለም።

አጎቷ ፒት በ1792 የባሪያ ንግድ ይቅር ብሎ ፓርላማ ውስጥ የተናገረ ሰው ነው። በቤቱ የኖረችው የእህቱ ልጅ ጁን ላይ ባሪያ ገዝታ ኖረች። በአገሩ ስለ ሰብአዊነት የሚያወራ ሰው ባሕር ሲሻገር እጁ ምን እንደሚሠራ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም።

ብድርና ወረቀት

1,200 ፓውንድ ብዙ ገንዘብ ነበር። ለዚያ ሁሉ ተረጂ፣ ለዚያ ሁሉ አገልጋይና ግንባታ ግን አልበቃም። ሄስተር ከአራጣ አበዳሪዎች መበደር ጀመረች። አንዱን ለመክፈል ከሌላው ትበደራለች፣ ወለዱ ወለድ ይወልዳል። ደጋግ ወሬም ትሰማ ነበር፤ ኮከብ ትቆጥራለች፣ አንድ ቀን ኢየሩሳሌም በክብር እገባለሁ ብላ ሁለት ባዝራ ፈረሶችን ማንም ሳይቀመጥባቸው ትቀልብ ነበር። እንደ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ላማርቲን ያሉ እንግዶች በ1832 መጥተው ይህን አይተው ሄደዋል። የቤቱ ጣራ ግን ያፈስ ነበር።

የአበዳሪዎቹ አቤቱታ ለንደን ደረሰ። እዚህ ላይ ወረቀት መጣ። ጡረታዋ እንዲከፈላት ቆንስሉ በሕይወት መኖሯን በፊርማው ማረጋገጥ ነበረበት። በ1838 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ፓልመርስተን ዕዳዋን እስክትከፍል ያ ወረቀት እንዳይፈረም አደረገ። ሴትዮዋ አለች፣ ትተነፍሳለች፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለችም። ቅድመ አያቷ የመሩትን የውጭ ጉዳይ ሥራ የያዘ ሰው ነው ይህን ያደረገባት። ለአጎቷ ዕዳ ፓርላማው ከፍሎ ነበር፤ ለእሷ የደረሰ የለም። በአንድ ፊርማ ተይዞ መኖር ምን እንደሆነ፣ ኢቃማው በሰው እጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ኩሩ ነበረችና ለወጣቷ ንግሥት ቪክቶሪያ የቁጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ጡረታውም ይቅርብኝ አለች። በነሐሴ 1838 ሜሪዮንን አሰናበተች። የግቢውን በር ለከብት ማለፊያ ያህል ትታ በድንጋይ አስደፈነችው። ሳንባዋ ታሞ፣ ደም እየተፋች፣ እዚያ ውስጥ ቀረች።

እኩለ ሌሊት

በሰኔ 1839 ሞተች፤ 63 ዓመቷ ነበር። አጠገቧ አንድም የአገሯ ሰው አልነበረም። በአንድ በጣም ሞቃት እሁድ የቤሩቱ የእንግሊዝ ቆንስል ሙር፣ ዊልያም ቶምሰን የተባለውን አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ይዞ በፈረስ ተነሳ። ከሰዓት በኋላ ወጥተው ጁን የደረሱት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሙቀቱ አስከሬን የሚያሳድር ስላልሆነ በዚያው ሰዓት ይቀበር ተባለ። የተገኘው መቃብር አትክልቱ ውስጥ ያለ፣ ቀድሞ አንድ ፈረንሳዊ የተቀበረበት ጉድጓድ ነበር። የሰውየውን አጥንት አውጥተው፣ በችቦና በሻማ ብርሃን እሷን አስገቧት። ቶምሰን በጨለማው አትክልት ውስጥ መንገድ ጠፍቶበት ነበር። ይህ ሰው ኋላ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቤሩት ኮሌጅ ይኑራት ብሎ የተነሳው ነው። በ1866 የተከፈተው ያ ኮሌጅ ዛሬ ብሊስ ጎዳና ላይ በየቀኑ የምናልፈው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ቤቱ ባዶ ነበር። አገልጋዮቹ ሰረቁ ተብሎ ተጽፏል። የጻፉት ግን እንግዶቹ ናቸው፤ አገልጋዮቹ የሚጽፉበት ብዕር አልነበራቸውም። ዓመታት ሌሊት በደወል ሲነሱ የኖሩ ሰዎች ከደጁ ምን ይዘው እንደወጡ ስታነቡ፣ ምን ቀርቶባቸው እንደነበርም አስቡ።

ዐፅሟም አላረፈም። በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት መቃብሯ ተከፈተ። በ1989 አቤይ በሚገኘው የእንግሊዝ አምባሳደር የበጋ ቤት አትክልት ውስጥ ተቀበረ፤ በ2004 አመዷ ተመልሶ ጁን ላይ፣ በፈረሰው ቤቷ ቦታ ተበተነ።

ለእኛ የሚቀረው

ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። ለሄስተር ግን አልሳበም። አምባሳደርና ሚኒስትር ያፈራ ዘር ከኋላዋ ነበር፤ ስትታመም ውሃ የሚያቀብል፣ ስትሞት የሚያለቅስ የገዛ ወገን አልነበራትም። ስለዚህ ታሪኳን ስናነብ ሁለቱንም እናስባለን፦ በሩን በድንጋይ ዘግታ ለብቻዋ የሞተችውን ሲትና ስሟ ብቻ የተረፈላትን ዘይዘፉንን። አንደኛዋ ለራሷ ሰው አላስቀረችም፣ ሁለተኛዋ ሰዎቿን ተነጠቀች።

እኛ የትልቅ ሰው ልጆች አይደለንም። ያለን ዕድራችን ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። የፓስፖርታችሁንና የኢቃማችሁን ቅጂ፣ የአገር ቤት ተጠሪያችሁን ስምና ስልክ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያላስመዘገባችሁ በሚቀጥለው እሁድ አስመዝግቡ። ወለድ ያለው ብድር ውስጥ የገባችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ ሳይከፋ ንገሩን። ማዳሟ በር የዘጋችባት እህት ካወቃችሁ ሰፈሩን ብቻ ጠቁሙን። ስሟን የሚያውቅ፣ ዘሯን የሚጠይቅ ሰው ሳይኖራት ማንም እዚህ አገር እንዳትቀር።

ሰላም ሰንብቱ።