ፒተር ፎርስኮልና የቀይ ባሕር ዓሦች

ከመካከላችን የባሕር ሕይወት ጥናት የሚከታተሉ ጓደኞች ዘወትር የሚከፍቱት አንድ የመረጃ ማኅደር አለ። ፊሽቤዝ ይባላል፤ ከ35,000 የሚበልጡ የዓሣ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል፤ ለብዙዎቹም ፎቶግራፍ አለው። በቀይ ባሕር ዓሦች ስም አጠገብ ደጋግሞ የሚታየው ግን ፎርስኮል፣ 1775 የሚል ጽሑፍ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።) በዚያ ዓመት ሰውየው ከሞተ 12 ዓመት ሆኖት ነበር።

ፎርስኮል በ1732 በሄልሲንኪ ተወልዶ በስዊድን በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሊኔየስ ተማሪ ሆነ። በ1759 ስለ ዜጎች ነፃነት 21 አንቀጾች ያሏት ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። ሳንሱር ቆራርጦ ያሳለፋትን ጽሑፍ መንግሥት መልሶ አገዳት። ቅጂዎቹን እንዲለቅም የታዘዘው ደግሞ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ሬክተር የነበረው የገዛ መምህሩ ሊኔየስ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ ለተማሪዎች እንግዳ አይደለም። ስዊድን የፕሬስ ነፃነት ሕግ ያወጣችው በ1766 ነው፤ እሱ አላየውም።

በ1761 የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ አገር ከላካቸው ስድስት ሰዎች አንዱ ሆኖ ተጓዘ። ዓረብኛ ተማረ፤ በስዊዝ፣ በጅዳ፣ በሉሐያ ዓሣ ሰበሰበ። ዓሣ ከሞተ ቀለሙ ወዲያው ይጠፋል፤ ካሜራ ደግሞ ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ ቀለሙን በጽሑፍ መዘገበ፣ የክንፉን አጥንቶች ቆጠረ፣ የአንድ ጎኑን ቆዳ ገፎ እንደ ቅጠል በወረቀት ላይ አደረቀ። ሠዓሊው ባውረንፋይንድ ይሥል ነበር። እኛን ይበልጥ የማረከን ግን ስም አሰጣጡ ነው፤ ቦሃር፣ ሐረክ፣ አቡደፍዱፍ እያለ የዓረብኛውን መጠሪያ ሳይንሳዊ ስም አደረገው። የአገሬው ሰው ዕውቀት በዚህ ዓይነት ተመዝግቦ ቀረ። በዚያ ዘመን ብዙ አውሮፓውያን ለአገሬው ስም ግድ አልነበራቸውም።

በሞካ የጉምሩክ ሹሞች በአልኮል የተቀመጡትን ዓሦች ከፍተው ሽታው ቢያስቆጣቸው ዕቃውን ወረወሩት። ፎርስኮልም በሐምሌ 1763 በየመን ተራሮች፣ ያሪም በምትባል ከተማ፣ በወባ ሞተ፤ ዕድሜው 31 ነበር። ሠዓሊው በነሐሴ ወር በባሕር ላይ ተከተለው። ከስድስቱ ወደ አገሩ የተመለሰው ኒቡር ብቻ ነው። የጓደኛውን ማስታወሻ በ1775፣ ሥዕሎቹን በ1776 አሳተመ።

ዛሬ ተመራማሪዎች ዓሣውን በሕይወቱ ሳለ ከነቀለሙና ከነአዋዋሉ በውኃ ውስጥ ይቀርጹታል፤ ፎቶግራፉንና ፊልሙን ከቦታው፣ ከጥልቀቱና ከቀኑ ጋር በማኅደር ያስቀምጡታል። ሆኖም ፎቶግራፍ ብቻውን ስም አይሰጥም፤ ሁለት ተመሳሳይ ዝርያዎች ሲያጠራጥሩ ስሙ መጀመሪያ ወደ ተሰጠው ናሙና መመለስ ግድ ነው። ፎርስኮል ካደረቃቸው ቆዳዎች 99 ያህሉ እስከ ዛሬ በኮፐንሃገን ሙዚየም ተቀምጠዋል።