ዐፄ ቴዎድሮስና የሴባስቶፖል መንኰራኵር

ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የቀድሞ ስማቸው ካሣ ኃይሉ፣ በቋራ ተወልደው በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ። በዘመነ መሳፍንት የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ መድከማቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። በዚህች አጭር ጽሑፍ የማወሳው ግን የመጨረሻውን ዓመት ሥራቸውን ነው፤ በፊዚክስ የምንማረው ቶርክ በዚያ ሥራ ጎልቶ ይታያልና።

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሠሩላቸው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መድፉን በሠረገላ አስጭነው በእኛው በወሎ ምድር ወዳለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው በመጋቢት አምባው ደረሱ።

በዚያ ጉዞ ንጉሡ ከሁሉ ቀድመው በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ያስተካክሉ ነበር። ይህ ለሠራዊቱ ምሳሌ ከመሆኑም በላይ የጎታቾቹን ድካም የሚቀንስ ሥራ ነበር። ለምሳሌ ራዲየሱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ መንኰራኵር 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ቢገጥመው፣ ለመውጣት በድንጋዩ ጠርዝ ላይ መዞር አለበት። በመሐሉ በኩል አግድም የሚስበው ኃይል መስመር ከጠርዙ 40 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ ወደ ታች የሚጫነው የክብደት መስመር ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ኃይል በዚህ ርቀት ሲባዛ ቶርክ ይባላል። ስለዚህ ጎታቾቹ መንኰራኵሩ ከተሸከመው ክብደት ሦስት አራተኛውን በሚያህል ኃይል መሳብ አለባቸው። ድንጋዩ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ግን አንድ አምስተኛው ይበቃል። እንግዲህ አንድ ድንጋይ ያነሣ ሰው የብዙ ጎታቾችን ጉልበት አተረፈ ማለት ነው።

የሚያሳዝነው፣ ያ በብዙ ላብ የተጠረገ መንገድ ለእንግሊዝ ጦርም መሄጃ ሆነ። ንጉሡ እጃቸውን ላለመስጠት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም በመቅደላ ይገኛል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዋጃ መንገድ ላይ የተጫነ ጋሪ ድንጋይ ይዞት ሲቆም ስናይ፣ ገፊ ከመጥራታችን በፊት ጎንበስ ብለን ከመንኰራኵሩ ፊት ያለውን ድንጋይ እናንሣ።