ለግብፅ የተሰጠ ሐኪም፦ አበ መነኮሳት ቅዱስ እንጦንስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን። ቤተ ክርስቲያኑ ይሞላል፣ ስግደቱም ይበረታል። ደብረ ዘይት አካባቢ ሲደረስ ግን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ልብም ይደክማል። መጽሐፉን ገልጠን አንድ መስመር ሳናነብ እንዘጋዋለን፣ ጸሎቱ ይከብደናል፣ ሰው ማየትም ያስጠላናል። አባቶች ይህን ሐኬት ይሉታል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ከጾሙ ጋር የማይገናኝ፣ ጾሙ ከተፈታም በኋላ የማይለቅ፣ ወራት የሚቆይ ከባድ ኀዘን ሆኖ ይቀመጣል። ዛሬ ሕይወቱን የምንተርክለት አባት ይህን የልብ ድካም በራሱ ቀምሶታል።

አባ እንጦንስ በሥዕልም በስብከትም ብዙ ጊዜ የሚታየን ከአጋንንት ጋር ሲዋጋ ነው። ልክ ነው፣ ተዋግቷል። እኔም የአብነት ተማሪ ሳለሁ የምወደው ያንን ታሪክ ነበር። እያደር ግን የገረመኝ ሌላው ነገር ነው፤ ለደከመ ሰው የሰጣቸው ትንንሽ መላዎች።

የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ251 ዓ.ም. ገደማ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም እንደዚሁ ናቸው) በግብፅ፣ ቆማ በምትባል መንደር ነው። ወላጆቹ ክርስቲያኖችና ባለጸጎች ነበሩ። ዕድሜው 18 ወይም 20 ሲሆን ሁለቱም ዐረፉና ከአንዲት ታናሽ እኅቱ ጋር ቀረ። የወረሰው መሬት 300 አሩራ ነበር፤ በእኛ አገር ልኬት ሁለት ጋሻ ገደማ ይሆናል። ስድስት ወር ሳይሞላ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ጌታ ባለጸጋውን ጎልማሳ ያለውን ሸጦ ለድኾች እንዲሰጥ ያዘዘበት ወንጌል ሲነበብ ደረሰ። ለራሱ እንደተነገረ ቆጠረው። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፣ ዕቃውን ሸጦ ለድኾች አካፈለ፣ ለእኅቱ ጥቂት አስቀረ። ሌላ ቀን ደግሞ ለነገ መጨነቅ እንደማይገባ ሲነበብ ሰምቶ ያንንም ሰጠ። እኅቱን ግን ሜዳ ላይ አልጣላትም፤ ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጣት። ከብዙ ዓመታት በኋላ አርጅታ፣ የደናግል አለቃ ሆና አግኝቷት ደስ ብሎታል።

በዚያን ጊዜ ገዳማት ገና አልተስፋፉም። ከየመንደሩ ወጣ ብለው ለብቻቸው የሚጋደሉ አባቶች ነበሩ። እንጦንስ እንደ ንብ እየዞረ ከአንዱ ትዕግሥትን፣ ከአንዱ ትሕትናን፣ ከሌላው ትጋትን ቀሰመ። በእጁ ይሠራል፣ ከሠራው ለእንጀራው የሚበቃውን አስቀርቶ ሌላውን ለድኾች ይሰጣል። የሚበላው እንጀራና ጨው ነው፤ ያውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ።

የመጀመሪያው ፈተናው የሚያስፈራ አውሬ አልነበረም። ሐሳብ ነበር። የተወው ርስት ትዝ ይለዋል፣ የእኅቱ ነገር ያሳስበዋል፣ ገንዘቡ፣ የምግቡ ጣዕም፣ የመንገዱ ርዝመት፣ የሰውነቱ ድካም። ታሪኩን የጻፈው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ ሁኔታውን በአእምሮው ውስጥ ከተነሣ ብዙ አቧራ ጋር ያመሳስለዋል። ሌሊት አልጋው ላይ ተገላብጦ ያደረ ሰው ያ አቧራ ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ከዚያ ወደ መቃብር ቤት ገባ፤ በዚያ ክፉኛ ተደብድቦ ራሱን እስኪስት ደረሰ፣ ሰው ተሸክሞ ወደ መንደር ወሰደው፣ እርሱ ግን ሌሊቱን ተመልሶ ገባ። ዕድሜው ወደ 35 ሲጠጋ ዓባይን ተሻግሮ በፈረሰ ምሽግ ውስጥ ተዘጋ። እንጀራ በዓመት ሁለት ጊዜ በጣሪያ ይወረወርለት ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላ፣ በ305 ዓ.ም. ገደማ፣ ወዳጆቹ በሩን ሰብረው አወጡት። ሰዉ ወይ ከስቶ አጥንቱ የቀረ፣ ወይ ሳይንቀሳቀስ በመቀመጡ የወፈረ፣ ወይም ከብቸኝነት የተነሣ አእምሮው የታወከ ሰው ይወጣል ብሎ ነበር የጠበቀው። የወጣው ግን ጤነኛ ሰው ነው። አልከሳም አልወፈረም። ሕዝብ ሲያይ አልደነገጠም፣ ሲያከብሩትም አልፈነጠዘም። ያን ቀን በሽተኞች ተፈወሱ፣ ያዘኑ ተጽናኑ፣ የተጣሉ ታረቁ። አትናቴዎስ በኋላ እግዚአብሔር ለግብፅ የሰጣት ሐኪም ነው ብሎ የመሰከረለት በዚህ ምክንያት ነው።

በ311 ዓ.ም. በመክሲሚኖስ ስደት ጊዜ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በእስር ቤትና በማዕድን ማውጫ ያሉትን ክርስቲያኖች አገለገለ። መነኮሳት ከተማዋን ለቀው እንዲወጡ ሲታዘዝ ልብሱን አጥቦ በማግስቱ ዳኛው በግልጽ በሚያየው ስፍራ ቆመ፤ ማንም አልነካውም። ከዚያ ከዐረብ ነጋዴዎች ጋር ሦስት ቀን ተጉዞ በቀይ ባሕር አቅጣጫ ወዳለው ተራራ ሄደ። ገዳሙ ዛሬም እዚያው አለ። ሰው እንዳይቸገርበት ራሱ ትንሽ እርሻ አርሶ ስንዴ ዘራ፣ ለእንግዳ የሚሆንም አትክልት ተከለ።

በበረሃ ሳለ ያ ሐኬት መጣበት። ልቡ ጨለመ፣ መዳን እየፈለገ ሐሳቡ እንደማይተወው ለእግዚአብሔር ተናገረ። ወጣ ሲል እንደ ራሱ ያለ ሰው ተቀምጦ ሲሠራ አየ። ሰውየው ጥቂት ይሠራል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ደግሞ ተቀምጦ ገመዱን ይታታል፣ እንደገና ይነሣል። መልአክ ነበር። እንዲህ ካደረገ እንደሚድን ነገረው። እንጦንስም ደስ ብሎት እንዲሁ አደረገ። እስቲ ልብ በሉ፣ መልአኩ ስለ ኀዘን ምንነት ረጅም ትምህርት አልሰጠውም፤ ልቡ እስኪበራለት ጠብቆ እንዲነሣም አልነገረው። እጁን ነው ሥራ ያስያዘው። ዛሬ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች በድባቴ የተያዘን ሰው ሲረዱ ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ለዚህ ቅርብ ነው፦ ደስታው እስኪመለስ ሳይጠብቅ ለእያንዳንዱ ቀን ትንሽ ትንሽ ሥራ እንዲመድብና እንዲፈጽም ያደርጉታል። ከእንጦንስ ተማሩ ማለቴ አይደለም። ግን የሰው ልብ ያው የሰው ልብ ነው።

ሁለተኛው መላ የጽሕፈት ነው። ወደ እርሱ ለሚመጡት መነኮሳት እያንዳንዱ የሠራውንና በልቡ የተመላለሰውን ለሌላ ሰው እንደሚናገር አድርጎ እንዲጽፈው ይመክር ነበር። ሰው ሲያየን የምናፍርበትን ነገር አናደርግም፤ ጽሑፉም እንደ ወንድም ዓይን ሆኖ ይጠብቀናል ማለቱ ነው። በ1960ዎቹ አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ሕሙማኑ ድንገት የሚመጣባቸውን ክፉ ሐሳብ እንዲመዘግቡ፣ ከዚያም እውነት መሆን አለመሆኑን እንዲመረምሩ ያደርግ ጀመር። ዓላማቸው ይለያያል፤ አንዱ ከኃጢአት መጠበቅን፣ ሌላው ከሕመም መዳንን ያያል። ሐሳቡን ከጭንቅላት አውጥቶ በብራና ወይም በወረቀት ላይ ማየት ግን ሁለቱም ዘንድ አለ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። በሰንበት ትምህርት ቤታችን የነበረ አንድ ወጣት ቀስ በቀስ ከሰው ራቀ፣ ከአገልግሎትም ቀረ። ሲያገኘኝ እንቅልፍ እንደሌለው ነገረኝ። እኔ በችኮላ ጸሎት እንዲያበዛ፣ ስግደት እንዲጨምር ነገርኩትና ሄድኩ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም። ከወራት በኋላ ደብተር ይዞ መጣ። ታላቅ እኅቱ ሐኪም ዘንድ ወስዳው ኖሮ በየቀኑ የሠራውንና ያሰበውን እንዲጽፍ ታዝዞ ነበር። ደብተሩን ሳገላብጥ እኔ ካገኘሁት ጊዜ በፊት ሞትን ይመኝ እንደነበር አነበብኩ። ያን ቀን ገድለ እንጦንስን እንደማላውቅ ሰው ነው የተሰማኝ።

ምክንያቱም እንጦንስ ጠይቆ አይሄድም ነበር። በ338 ዓ.ም. ገደማ አርዮሳውያንን ለመቃወም በአትናቴዎስ ጥሪ ዳግመኛ እስክንድርያ ሲወርድ ዲዲሞስ የሚባለውን ሊቅ አገኘው። ዲዲሞስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው፤ መጻሕፍትን በቃሉ የያዘ፣ ሁሉ የሚያደንቀው መምህር። እንጦንስም ካመሰገነው በኋላ ዓይኑን በማጣቱ ያዝን እንደሆነ ጠየቀው። ዲዲሞስ አፍሮ ዝም አለ። ሁለተኛ ጠየቀው። ሦስተኛ ሲጠይቀው ያ ታላቅ ሊቅ አዎን፣ እንደሚያዝን ተናዘዘ። ያን ጊዜ ነው እንጦንስ ያጽናናው፦ ዝንብና ጉንዳንም ያላቸውን ዓይን በማጣት ከማዘን ይልቅ ቅዱሳንና ሐዋርያት ባዩበት ዓይን ደስ እንዲለው። ይህን ማጽናኛ በመጀመሪያው ዝምታ ላይ ቢናገረው ኖሮ ምን ይጠቅም ነበር? እኛ አንድ ጊዜ ደኅና ነህ ወይ ብለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሲለን እናልፋለን።

በጾም ላይም ማስተዋልን ያስቀድም ነበር። ያለ ማስተዋል ሥጋቸውን አድክመው ከእግዚአብሔር የራቁ እንዳሉ አስተምሯል። አንድ ጊዜ ከወንድሞች ጋር ሲጫወት አንድ አዳኝ አየውና በልቡ ነቀፈው። እንጦንስ ቀስቱን እንዲለጥጥ አዘዘው፤ ለጠጠ። ደግሞ፣ ደግሞም አለው። አዳኙ ከልክ ካለፈ ቀስቱ እንደሚሰበር ሲነግረው የወንድሞችም ነገር እንዲሁ እንደሆነ አስረዳው። በመድኃኒት ላይ ያላችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የምታጠቡ እናቶች፣ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ሳትነጋገሩ ቀስቱን አትለጥጡ።

ስለ ሐኪሞች የነበረው ክብር ደግሞ ከአንድ ራእይ ይታወቃል። በበረሃ ሳለ በከተማ የሚኖር፣ በክብር ከእርሱ ጋር የሚተካከል አንድ ሰው እንዳለ ተገለጠለት። ሰውየው በሙያው ሐኪም ነው፤ ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድኾች ይሰጣል፣ ቀኑን ሁሉ ከመላእክት ጋር የቅድስናን ምስጋና ያቀርባል። የመነኮሳት ሁሉ አባት አቻው ሆኖ የተገኘው በሽተኛ ሲያክም የሚውል ሰው ነው! ጠበል ሲጀምር መድኃኒቱን የጣለ ዘመድ ያለን ሰዎች፣ ይህን ታሪክ አጠገቡ ቁጭ ብለን ብናነብለት መልካም ነው። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ።

ከቈስጠንጢኖስ ንጉሥና ከልጆቹ ደብዳቤ ሲደርሰው አልተደነቀም፤ ንጉሥም ሰው ነው ብሎ። የምንኩስናው ሐረግ ግን ከእርሱ ወደ አባ መቃርስ፣ ከመቃርስ ወደ አባ ጳኩሚስ፣ ከዚያም ወደ እኛው አቡነ አረጋዊ እንደሚወርድ የአገራችን አባቶች ይቆጥራሉ።

በ356 ዓ.ም. ዕድሜው 105 ዓመት ሲሆን ማረፊያው እንደደረሰ ዐወቀ። ዓይኑ አልፈዘዘም፤ ጥርሱ ከእርጅና ብዛት እስከ ድዱ ቢያልቅም አንድም አልወለቀም። አንዱን የበግ ለምድና የሚተኛበትን ካባ ለአትናቴዎስ፣ ሌላውን ለምድ ለኤጲስ ቆጶስ ሰራብዮን፣ የጠጉር ልብሱንም በእርጅናው ላገለገሉት ለሁለቱ ደቀ መዛሙርት ሰጠ። ሰዎች ሥጋውን ወስደው በየቤታቸው እንዳያኖሩት መቃብሩን ለማንም እንዳይናገሩ አዘዛቸው። እነርሱም ቀበሩት፣ ስፍራውንም ከሁለቱ በቀር ማንም አላወቀም። ዕረፍቱን በስንክሳራችን ጥር 22 ቀን እናስባለን።

የአባታችን የቅዱስ እንጦንስ ረድኤትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።