ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና ታሪክ ሲወሳ በቅድሚያ ስማቸው የሚነሣው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ይሁን እንጂ ሰውየውን በሕክምና ሙያቸው ብቻ መመዘን የሕይወታቸውን ታላቅ ክፍል ማስቀረት ይሆናል። ስድሳ ዓመት ከሞላቸው በኋላ የያዙት ሥራ ትምህርት ቤት መምራት፣ ስለ ጣና ግድብ መነጋገርና አውራጃ ማስተዳደር ነበር። ስለዚህም ታሪካቸው ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ለመሐንዲሱም የሚነገር ታሪክ ነው።

ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ፣ ገና የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን የነበረው ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለይቶ በአምባው ላይ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። እርሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የማስተማሪያ ወጪውን ቻለለት። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ። አገሩንም የአፍ መፍቻ ቋንቋውንም በዚሁ አጣ።

በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አሳደጉ። በእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ሥር በነበረችው በበርማም የመንግሥት ሐኪም ሆነው ብዙ ዓመታት አገለገሉ። ኑሯቸው የተደላደለ፣ ሙያቸውም የተከበረ ነበር። የዓድዋ ድል ወሬ በዓለም ላይ ሲናኝ ግን የትውልድ አገራቸው ጉዳይ አላስቀምጥ አላቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ድንኳን ተክለው ሕዝቡን ያለ ዋጋ ማከም ጀመሩ። ዝናቸውን የሰሙ ዘመዶቻቸውም መጥተው በልጅነት ከቀረባቸው ጠባሳ ለዩአቸው። ቻርልስ ማርቲን እንደገና ወርቅነህ እሸቴ ሆኑ፤ አማርኛንም እንደ ባዕድ ከፊደሉ ጀምረው ተማሩ።

ወደ በርማ ተመልሰው ከሠሩ በኋላ በ1900 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜም ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ገደማ ከእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት በጡረታ ተሰናብተው ኑሯቸውን በኢትዮጵያ አጸኑ።

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ዛሬ የጉለሌ ክፍለ ከተማ በሆነው ሥፍራ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪነቱ ለሐኪም ወርቅነህ ተሰጠ። በዚያው ዘመን ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች የተቋቋመውን ትምህርት ቤትም ይረዱ ነበር፤ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አዘጋጁ። አንድ ሐኪም በቀን ሊያክም የሚችለው የሕመምተኛ ቁጥር የተወሰነ ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት የሚያፈራው ባለሙያ ግን እየተባዛ ይሄዳል። ሐኪሙ በኋለኛው ዕድሜያቸው የመረጡት ይህን መንገድ ነው። የጉለሌው ግቢ ዛሬ እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የቴክኒክ ሙያ ይሰጥበታል።

በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ከወትሮው የተለየ ተልእኮ ተሰጣቸው። ጣና የዓባይ ምንጭ በመሆኑ እንግሊዝ ለሱዳን የጥጥ እርሻ የሚሆን ውሃ እንዲከማችበት አጥብቃ ትፈልግ ነበር። በ1918 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ስለ ጣና ኢትዮጵያ ሳታውቅ በመስማማቷ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቅርቦ ነበር። ከዚህ በኋላ ግድቡን በአካባቢው የቅኝ ግዛት ጥቅም ለሌለው ወገን መስጠት እንደ መፍትሔ ታየ። ሐኪም ወርቅነህም ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒውዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ኩባንያው በኋላ መሐንዲሶች ልኮ ሐይቁን አስጠና፤ ሆኖም ኢጣልያ አገሪቱን በመውረሯ ግድቡ ሳይሠራ ቀረ። የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ የተሠራው በ1980ዎቹ ማብቂያ ሲሆን፣ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫም በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። በመጀመሪያው ድርድርና በፍጻሜው መካከል የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ አለፈ።

ቀጥሎም የጨርጨር ገዥ ተብለው ተሾሙ። አስበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ማእከል አድርገው መንገድ አሠሩ፤ የግብሩንም አሰባሰብ ሥርዓት አስያዙ። አውራጃው ለሌሎች አርአያ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ሰባ ዓመት በሞላቸው ጊዜ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። ጦርነቱ ሲነሣም በሚያውቁት ቋንቋና በሚያውቁት ሕዝብ መካከል ስለ አገራቸው ተከራከሩ፤ እርዳታም አሰባሰቡ። ያሳደጋቸው መንግሥት ግን ኢትዮጵያን አላዳነም።

ከሁሉ የከበደው መከራ የደረሰባቸው በዚህ ዘመን ነው። ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉት ልጆቻቸው በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። አገሪቱ በተወረረች ጊዜ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰልፈው ታገሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች የተማሩትን ኢትዮጵያውያን እየለቀሙ ሲፈጁ ሁለቱም ተገደሉ። መንገድና ድልድይ ሊሠሩበት የሚችሉት ዕድሜ በጥይት ተቀጨ። በአገሪቱ የነበሩት የምሕንድስና ምሩቃን በጣት የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ፣ ጉዳቱ የአንድ አባት ኀዘን ብቻ አልነበረም።

አባትየው ወደ ነፃይቱ አገር የተመለሱት በ1934 ዓ.ም. ነው። ያረፉትም በ1945 ዓ.ም. ሲሆን ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ተቃርቦ ነበር።

ሐኪም ወርቅነህ ትምህርታቸውን ያገኙት በምርኮ ምክንያት፣ በባዕድ ገንዘብና በባዕድ ቋንቋ ነው። ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ያስገደዳቸው ሕግም ሆነ ውል አልነበረም። ሙያቸውን ይዘው መጥተው ከአልጋው አጠገብ ወደ መማሪያ ክፍሉ፣ ከዚያም ወደ ግድቡና ወደ መንገዱ አሻገሩት። ከሥራቸው ፈጥኖ ፍሬ ያፈራ አለ፤ ትውልድ ጠብቆ የተፈጸመም አለ፤ በልጆቻቸው ሞት ከነጭራሹ የተቋረጠም አለ። የባለሙያ ዋጋ በተመረቀው ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ ለሚመጣው ትውልድ አስጀምሮ በሚተወውም ጭምር ሊቆጠር እንደሚገባ የእኒህ ሰው ሕይወት ያስረዳል።